ከፊት የሚመጣውን የሚያሳውር፣ የመንገዱን ዳር የማያሳይ የቪትዝ መብራት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዘዋውሮ የመጣች። የግራውን መብራት ባጃጅ ሰብሮብኝ ሌላ ገዝቼ አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ማታ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን አቀበት ስወጣም ስወርድም ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅሙን እያበራ ይቆጣኛል። ጋራዥ ወስጄ ዝቅ አስደረግኩት፤ አሁን ደግሞ የቀኙ ዳር ጭራሽ አይታየኝም፤ ሰውና አህያ የማየው አጠገባቸው ስደርስ ነው። አምፖሉ ኤች 4 ነው። ደሴ ቤቴ ሆኜ በራሴ ላስተካክለው እችላለሁ ወይስ መሣሪያ ይፈልጋል?»

አብሽሩ፣ በራስዎ ይቻላል። ካቻቢቴ፣ ሜትር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ካርቶን፣ ነጭ ላስቲክ ቱቦና አንድ ግድግዳ ይበቃል። የጋራዥ የመብራት መለኪያ ሥራውን ያፈጥነዋል እንጂ ግድግዳ የማያሳየውን አያሳይም። ግን ብሎኑን ከመንካትዎ በፊት የጻፉትን እንደገና ያንብቡት። መብራት ከልክ በላይ ከፍ ቢል ሰው ያሳውራል፤ ለባለቤቱ ግን ሩቅ ያሳየዋል። ዝቅ ቢል ባለቤቱን ያስቸግራል፤ ማንንም ግን አያሳውርም። የእርስዎ መኪና መጀመሪያ ሰው አሳወረ፤ ዝቅ ሲደረግ ደግሞ የቀኙ ዳር ጠፋ። እንዲህ ሲሆን ጉዳዩ የከፍታ ብቻ አይደለም፤ የብርሃኑ ቅርጽ ራሱ መታየት አለበት። ቅርጹ የተሳሳተ መብራት በብሎን አይድንም፤ ጋራዡ የሞከረውም ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ቅርጹን ይዩ

አጭር መብራት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ከላይ በኩል ብርሃኑን ከጨለማው የሚለይ ድንበር ይታያል። ይህ ድንበር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ አይደለም። እንደ እኛ በቀኝ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ከመሐል ወደ ግራ አግድም ይሄዳል፤ ከመሐል ወደ ቀኝ ግን 15 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ይወጣል። አንዳንዱ መብራት በተዳፋት ፈንታ እንደ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ሥራው ግን አንድ ነው። ዝቅ ያለው የግራ ወገን ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይጠብቃል፤ ሽቅብ የወጣው የቀኝ ክንፍ ደግሞ የመንገዱን ዳርና እግረኛውን ከሩቅ ያሳያል።

ጃፓን በግራ ይነዳል። ስለዚህ ለጃፓን መንገድ የተሠራ መብራት የዚህ ግልባጭ ነው፤ ክንፉ ወደ ግራ ይወጣል። ያ መብራት እኛ መንገድ ላይ ሲወጣ ክንፉ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል፣ የራሳችን የቀኝ ዳር ደግሞ አጭሩ ወገን ይደርሰዋል። መሪ ማዘዋወርና መብራት መቀየር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ተሠርቶ ሌላው ሊቀር ይችላል።

ማረጋገጡ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ደኅና ሲጨልም፣ መኪናዋን ከግድግዳ 5 ሜትር ያህል አርቀው ያቁሙ። አጭሩን ያብሩና አንዱን መብራት በካርቶን ይጋርዱ። ካርቶኑ መስታወቱን አይንካ፤ የሃሎጅን ሙቀት ፕላስቲኩን ያበላሸዋል፤ አንድ ሰው ትንሽ አርቆ ቢይዘው ይሻላል። እርስዎ ከመኪናዋ ኋላ ሆነው ፊትዎን ወደ ግድግዳው አድርገው ይዩ። ክንፉ ወደ ቀኝዎ ከወጣ ለእኛ መንገድ የተሠራ ነው፤ ወደ ግራዎ ከወጣ አይደለም። ከዚያ ካርቶኑን ወደ ሌላው አዛውረው ሁለተኛውንም ይዩ።

የእኔ ግምት ሁለቱ መብራቶችዎ የተለያዩ ናቸው የሚል ነው፦ የድሮው የቀኝ መብራት ለግራ መንገድ፣ አዲሱ የግራ መብራት ለቀኝ መንገድ፤ ወይም ሁለቱም ለግራ መንገድ። ግድግዳው ይነግርዎታል። ሁለቱም ወደ ቀኝ ከወጡ ግምቴን ይተዉትና ወደ አምፖሉና ወደ ማስተካከሉ ይለፉ።

ለግራ መንገድ የተሠራ ሆኖ ከተገኘ ትክክለኛው መፍትሔ መቀየር ነው። የቪትዝ አካል በሌላ ገበያ ያሪስ በሚል ስም ተሸጧል፤ በቀኝ ለሚነዳባቸው አገሮች የወጣው የያሪስ መብራት፣ የሞዴሉ ዘመን አንድ እስከሆነ ድረስ፣ የሚፈለገው እሱ ነው። ሲገዙ «የግራ መብራት» ብቻ ብለው አይጠይቁ። ያ የመኪናው የግራ ጎን ማለት ነው እንጂ ለየትኛው መንገድ እንደተሠራ አይናገርም። ብዙ መብራት መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር ያለው የአውሮፓ ማኅተም አለበት፤ አጠገቡ ቀስት ይፈልጉ። መብራቱን ፊት ለፊት ሲያዩት ወደ ቀኝዎ የሚያመለክት አንድ ቀስት ብቻ ካለ ለግራ መንገድ ነው፤ አይግዙት። ቀስት ከሌለው ለቀኝ መንገድ ነው። ቀስቱ ወደ ሁለቱም ከሆነ ለሁለቱም ሊስተካከል ይችላል። ማኅተሙ ጭራሽ ከሌለ፣ ለጃፓን ገበያ በተሠራው ላይ ይህ ያጋጥማል፣ ሱቁ በር ላይ ባትሪ አስገናኝተው ግድግዳ ላይ ይዩት። ሻጩ ቢያጉረመርምም ከሁለት ጊዜ ወጪ ይሻላል።

እስኪገዙ ድረስ ጊዜያዊ ዘዴ አለ። መብራቱ በርቶ፣ ትንሽ ካርቶን መስታወቱ ፊት ወዲያ ወዲህ ሲያንቀሳቅሱ ግድግዳው ላይ ያ የግራ ክንፍ የሚጠፋበት ቦታ ያገኛሉ። መብራቱን አጥፍተው ሲቀዘቅዝ እዚያ ቦታ ላይ ጥቁር ፕላስተር ይለጥፉ። የፕላስቲክ መስታወት ከጥቁር ፕላስተር ስር ስለሚግል ለአንድ ሁለት ምሽት እንጂ ለክረምቱ አይሁን። ደግሞም የሚያሳውረውን ያስቀራል እንጂ የቀኙን ዳር አያበራልዎትም፤ በዚያ ዓይነት መብራት ሌሊት ሐረጎን በዝግታ ነው የሚወረደው።

አምፖሉና እግሩ

ቅርጹ ትክክል ሆኖም ድንበሩ ጭጋግ መስሎ ከታየ ጥፋቱ አምፖሉ ላይ ነው። ኤች 4 አምፖል ውስጡ ሁለት ክር አለው፤ 60 ዋቱ ለረጅሙ፣ 55 ዋቱ ለአጭሩ። ከአጭሩ ክር ስር ትንሽ የብረት ኩባያ አለች፤ ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን የምትጋርድ እሷ ናት፤ ግድግዳው ላይ የሚያዩት ድንበር የእሷ ጥላ ነው። አምፖሉ ዙሪያውን ሦስት ጆሮ አለው፤ አንዱ ከሌሎቹ ሰፋ ይላል፤ እሱ ወደ ላይ ነው የሚገባው። ጆሮው ጎድጓዳው ውስጥ በትክክል ሳይቀመጥ የሽቦ ማያዣው በግድ ከተቆለፈ ክሩ ከቦታው በአንድ ሁለት ሚሊሜትር ይዛነፋል። ያ ብቻውን ድንበሩን ሊያጠፋውና ብርሃኑን ወደ ሰማይ ሊልከው ይበቃል። ስለዚህ የጎማ ሽፋኑን ገልጠው ሁለቱንም አምፖሎች አውጥተው ይመልሱ። ብርጭቆውን በጣት አይንኩ፤ ከነኩት በአልኮል ይጥረጉት፤ የእጅ ቅባት ያረፈበት ሃሎጅን ቶሎ ይሰበራል።

ኤል ኢ ዲ አምፖል አስገብተው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የሃሎጅን አንጸባራቂ የተሠራው ለቀጭን ክር፣ ለዚያችው ነጥብ ነው። ኤል ኢ ዲው ግን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ግራና ቀኝ የተለጠፈ ብርሃን ነው፤ ከነጥቡ ትንሽ ሲወጣ ድንበር የሚባል ነገር አይኖርም። ለራስዎ ፊትዎ ነጭ ሆኖ ስለሚታይዎት የተሻለ ይመስላል፤ ከፊት የሚመጣው ግን የሚያየው ኮከብ ነው። አንገቱ የሚዞር ከሆነ ብርሃን ሰጪዎቹ ልክ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲያዩ አዙረው ግድግዳውን ይዩ። ጥርት ያለ ድንበር ካልመጣ አውጥተው 60/55 ዋት ደኅና ሃሎጅን ይመልሱ። ገበያ ላይ ያለው 100/90 ዋቱም መድኃኒት አይደለም፤ ሽቦውን፣ ሶኬቱንና አንጸባራቂውን ያቃጥላል።

የተገጨ መብራት ደግሞ እግሩ ይታይ። ሞተር አጥፍተው ኮፋኖውን ከፍተው መብራቱን በሁለት እጅ ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ፣ የሚታሰርበት የፕላስቲክ ጆሮ ተሰብሯል ወይም የራዲያተሩ ላሜራ ከቦታው ተገፍቷል። ያን ሳያሳስሩ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ የመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ይመለሳል።

ቁጥሩ

ድንበሩ ምን ያህል ይውረድ? የሚለካው በመቶ ነው፤ 1 በመቶ ማለት ብርሃኑ በሄደ በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲሜትር ይወርዳል። የተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 48 ደንብ መብራታቸው ከመሬት ከ80 ሴንቲሜትር በታች ለሆነ መኪኖች መነሻውን ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያደርገዋል፤ ከ1 ሜትር በላይ ለሆኑት ከ1.5 እስከ 2 በመቶ። ብዙ መኪና ላይ መብራቱ ጀርባ ወይም ኮፋኖው ስር ባለ ወረቀት ላይ የመብራት ሥዕልና 1.0 ወይም 1.2 በመቶ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ካለ እሱን ይከተሉ። ለቪትዝ ወረቀቱ ከሌለ 1 በመቶ ይያዙ። ስለዚህ 5 ሜትር ላይ 5 ሴንቲሜትር፣ 10 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ይሆናል።

ይህች ትንሽ ቁጥር መንገድ ላይ ምን ታደርጋለች ቢሉ፣ የመብራቱ መሐል ከመሬት 68 ሴንቲሜትር ነው እንበል። 1 በመቶ ሲወርድ ድንበሩ አስፋልቱን የሚነካው 68 ሜትር ላይ ነው። 2 በመቶ ሲሆን 34 ሜትር፣ 3 በመቶ ሲሆን 23 ሜትር ገደማ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሰው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1.5 ሰከንድ ቢወስድበት 25 ሜትር ይሄዳል፤ ደረቅና ደኅና አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 23 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ድምሩ 48 ሜትር። ጋራዡ ሰው እንዳይቆጣዎት ብሎ 3 በመቶ አውርዶት ከሆነ የሚያዩት መቆም ከሚችሉበት ርቀት በግማሽ ያነሰ ነው። በኮምቦልቻና በባቲ መካከል ለሚመላለስ ይህ ይብሳል፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፣ ግመል በዋዜማው ይነዳል፣ ዝቅ ያለ መብራት ደግሞ ከግመል የሚያሳየው ቀጫጭን እግሩን ብቻ ነው።

የደሴ ግቢ ችግር

መመሪያዎች ሁሉ «ደልዳላ ቦታ ያቁሙ» ይላሉ፤ ቶሳ ተራራ እግር ስር ተቀምጦ ደልዳላ መፈለግ ግን የዋዛ አይደለም። ማደያም አያዋጣም፤ ሜዳ ይመስላል እንጂ ውሃ እንዲወርድ ተዘንብሎ ነው የሚሠራው። ደግነቱ መሬቱ ሁሉ ደልዳላ መሆን የለበትም። የሚያስፈልገው አራቱ ጎማዎች የቆሙበት እኩል መሆኑና የመብራቱ ከፍታ በልክ ወደ ግድግዳው መሻገሩ ነው። መሐሉ ጉድጓድ ቢሆንም ግድ የለም።

ለዚህ ግንበኞች ልክ የሚያወጡበት ነጭ ላስቲክ ቱቦ ይውሰዱ፤ 10 ወይም 12 ሜትር። ውሃ ይሙሉትና አረፋ እንዳይኖርበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዩ፤ አንዲት አረፋ ልኩን ታሳስታለች። አንዱን ጫፍ በፊት ጎማ አጠገብ፣ ሌላውን በኋላ ጎማ አጠገብ ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ውሃው ሲረጋ ከመሬት እስከ ውሃው ያለውን በሜትር ይለኩ። ፊት 40፣ ኋላ 43 ሴንቲሜትር ካለ ኋላው በ3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ስር 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይግባ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማዎቹ ላይ ድንጋይ ያስደግፉ። በ1 ሴንቲሜትር አይሳቁ። ከ2005 እስከ 2010 የተሠራችው ቪትዝ ከፊት እስከ ኋላ እግር 2.46 ሜትር ናት፤ 1 ሴንቲሜትር ስህተት 0.4 በመቶ ነው፣ ከምንፈልገው ቁልቁለት ወደ ግማሽ የሚጠጋ።

ግቢዎ ከመኪናዋ እስከ ግድግዳው ወጥ ሆኖ አንድ ላይ ያዘመመ ከሆነ ግን ቱቦም ጣውላም አያሻም፤ መኪናዋና ብርሃኑ አብረው አዝምመዋልና ከመሬት ብቻ ይለኩ። ወጥ መሆኑን ለማወቅ ከኋላ ጎማ እስከ ግድግዳው ስር ሲባጎ ወጥረው ከመሬቱ ጋር ያለው ክፍተት አንድ ዓይነት መሆኑን ይዩ።

ማስተካከሉ

መኪናዋን ያዘጋጁ። የጎማ ነፋስ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን፤ አንዱ ጎማ ከቀነሰ ያች ጎን ትዘማለች። ከኋላ የተጫነ ነገር ይውረድ፤ ነዳጁ ከግማሽ በላይ ቢሆን ደኅና ነው። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ከ0 እስከ 3 ወይም 5 ቁጥር ያለው ማዞሪያ ካለ 0 ላይ ያድርጉት። የሾፌሩ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ፤ ደንቡ 75 ኪሎ ይላል፤ ሰው ከሌለ ግማሽ ኩንታል እህልና ጥቂት ድንጋይ ተቀምጦ መተካት ይችላል። የፊቱን ሁለት ጥግ ሦስት አራት ጊዜ ጫን ጫን አድርገው ይልቀቁ፤ ሞላና አሞርዛተሩ ወደ ቦታቸው ይመለሱ። መስታወቱን ይጠቡ። ሞተሩ ሥራ ላይ ይሁን፤ በባትሪ ብቻ ብርሃኑ ይደክማል።

ምልክቱን በቀን ብርሃን ያድርጉ። መኪናዋን ግድግዳው ድረስ ቀጥ አድርገው ያስጠጉና ሦስት የቁም መስመር በፕላስተር ይለጥፉ፦ አንዱ በኮፋኖው መሐል፣ ሁለቱ በእያንዳንዱ መብራት መሐል ትይዩ። የመብራቱ መሐል ብዙ ጊዜ መስታወቱ ላይ በነጥብ ወይም በትንሽ ክብ ይታወቃል፤ ከሌለ የአምፖሉ ጫፍ ነው። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደኋላ ይውጡ፤ ከመብራቱ መስታወት እስከ ግድግዳው ልክ 5 ሜትር። መኪናዋ መዞር አለመዞሯን ለማየት የፊት መስታወቱ መሐልና የኋላ መስታወቱ መሐል ላይ ቁራጭ ፕላስተር አድርገው ከኋላ በአንድ ዓይን ያነጣጥሩ፤ ሁለቱ ፕላስተሮችና ግድግዳው ላይ ያለው የመሐል መስመር ካልገጠሙ እንደገና ያቁሟት።

አሁን በቱቦው የመብራቱን መሐል ከፍታ ወደ ግድግዳው ያሻግሩ፦ አንዱ ጫፍ ላይ ያለው ውሃ ከመብራቱ ነጥብ እኩል ሲሆን ሌላው ጫፍ ላይ ያለው ውሃ የቆመበትን ግድግዳ ላይ ያስምሩ። ለሁለቱም መብራት ይህን ያድርጉና ከዚያ መስመር 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብለው በጉልህ ሁለተኛ አግድም መስመር ይለጥፉ። የሚያነጣጥሩት ወደዚህኛው ነው።

ሲጨልም አጭሩን ያብሩ፣ አንዱን ይጋርዱ። ቪትዝን በመሰሉ ቶዮታዎች ማስተካከያው ከመብራቱ ጀርባ ያለ ጥርስ ያለው የፕላስቲክ ጎማ ነው፤ ከላይ ባለው ቀዳዳ ረዘም ያለ መስቀለኛ ካቻቢቴ ሲገባ ጥርሱን ይይዛል። በሌሎች መኪኖች ቁልፍ የሚፈልግ ብሎን ሊሆን ይችላል። አንዱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ካለው ሌላው ግራና ቀኝ። ሁለተኛው የሌላቸው መኪኖች አሉ፤ በግድ አይፈልጉት። የትኛው ምን እንደሚያደርግ ሩብ ዙር ብቻ አዙረው ግድግዳውን በማየት ይወቁ። አሮጌ ፕላስቲክ በብርድ ይሰበራል፤ ደሴ ማታ ብርዷን ያውቋታልና ከጠጠረ አያስገድዱት፣ ትንሽ ሲሊኮን ቅባት ነፍተው ይጠብቁ።

መጀመሪያ ከፍታውን፦ የግራ ወገኑ አግድም ድንበር በዝቅተኛው መስመር ላይ ይረፍ። ከዚያ ጎኑን፦ ድንበሩ ሽቅብ መውጣት የሚጀምርባት ማዕዘን በዚያ መብራት የቁም መስመር ላይ ትሁን። ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ብታልፍ ችግር የለውም፤ ወደ ግራ ግን አትለፍ። የመጨረሻው ዙር ሁልጊዜ በማጥበቂያው አቅጣጫ፣ በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ይሁን። ካለፈዎት አላልተው እንደገና እያጠበቁ ይምጡ። በማላላት ላይ ከተዉት ጥርሱ መሐል ክፍተት ይቀራል፤ ኮረኮንቹ ያንን ክፍተት ሞልቶ መብራቱን በራሱ ያወርደዋል። አንዱን ሲጨርሱ ካርቶኑን አዛውረው ሌላውን፤ በመጨረሻ ሁለቱን አብረው ይዩ። ድንበሮቹ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው።

ኤች 4 ላይ ረጅሙና አጭሩ አንድ አንጸባራቂ ስለሚጋሩ አጭሩ ሲስተካከል ረጅሙ አብሮ ይስተካከላል። ረጅሙን ያብሩ፤ የብርሃኑ ብርቱ መሐል በላይኛው መስመር አካባቢ ካረፈ ደኅና ነው። በጣም ከራቀ አምፖሉ በትክክል አልገባም ማለት ነው። ረጅሙ ለብቻው የሆነባቸው መኪኖች የራሱ ብሎን አለው። ከአሜሪካ የመጣ ኮሮላ የያዘ ሌላ አንባቢ ካለ ደግሞ መስታወቱ ላይ ቪ ኦ አር የሚሉ የላቲን ፊደላት ይፈልግ፤ ያ መብራት የሚስተካከለው በቀኝ ወገን ድንበሩ ነው፣ ድንበሩም ከመብራቱ መሐል እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚቀመጠው። ቪ ኦ ኤል ካለ በግራ ወገኑ ነው፤ 5 ሜትር ላይ 3.5 ሴንቲሜትር ዝቅ።

ፓውዛ (ተጨማሪ የጉም መብራት) ካለዎት ከዋናው መብራት ዝቅ ይበል፤ 5 ሜትር ላይ ከራሱ ከፍታ 10 ሴንቲሜትር ማውረድ ጥሩ መነሻ ነው። ክረምት ላይ የኩታበርና የደሴ ጉም ሲወርድ ከፍ ያለ ፓውዛም ሆነ ረጅሙ መብራት ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል እንጂ አይበሳውም።

ጭነት

በባዶ መኪና በትክክል የተስተካከለ መብራት ከሰኞ ገበያ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ሲጫን ከፍ ይላል። ኋላዋ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ ብትል 3 ለ246 ማለት 1.2 በመቶ ነው፤ ያስቀመጡት 1 በመቶ ቁልቁለት አልቆ ብርሃኑ ሽቅብ ያያል። የዳሽቦርዱ ማዞሪያ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሲጫኑ ወደ 2 ወይም 3 ያዙሩት። መሥራቱን አሁኑኑ ግድግዳው ላይ ያረጋግጡ፦ ሲያዞሩት ድንበሩ መውረድ አለበት። መሪ በተዘዋወረበት መኪና የዚህ ሽቦ ሳይገናኝ ሊቀር ስለሚችል፣ ካልወረደ ኤሌክትሪሺያን ይየው። ማዞሪያ ከሌለዎትና አዘውትረው ጭነው የሚሄዱ ከሆነ ጭነው ያስተካክሉ፤ ባዶ ሲሄዱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ያንን መቻል ይቀላል። ፒክአፕ ላይ ባሌስትራ (የኋላውን የሚሸከም የተደራረበ የብረት ሞላ) የሚያስጨምሩ ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ይቸገራሉ፤ ኋላው 5 ሴንቲሜትር ሲነሳ፣ በ3 ሜትር ርዝመት፣ መብራቱ 1.7 በመቶ ገደማ ይደፋል። ከባሌስትራ ሥራ በኋላ መብራት ማስተካከል የዚያው ሥራ አካል ነው።

አቅጣጫው ልክ ሆኖም ደብዛዛ ከሆነ

ብሎን ብርሃን አይጨምርም። ሞተሩ በርቶ፣ መብራቱም በርቶ ባትሪው ላይ በቴስተር ይለኩ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ይጠበቃል። ቀጥሎ የአምፖሉ ሶኬት ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ሽቦው ወይም ማሳው (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ ሽቦ) ዝጓል፤ ማሳ የታሰረበትን ብሎን ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው መልሰው ያጥብቁ። ሃሎጅን 10 በመቶ ቮልት ሲቀንስበት ከብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ያጣል፤ ስለዚህ ይህች ጥቂት ድካም ዋጋ አላት። መስታወቱ የቢጫ ሽፋን ካበጀ በ800፣ ከዚያ በ1000፣ ከዚያ በ2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያረጠቡ ከጠረጉ በኋላ በፖሊሽ ይሹት። የጥርስ ሳሙና ለሳምንት ያህል ያሳምራል፣ ከዚያ ይመለሳል። ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ከተቃጠለ ወይም ብሩ ከተላጠ መቀየር ብቻ ነው።

መንገድ ላይ

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ደልዳላው አስፋልት ላይ ከአንድ የቤት መኪና ኋላ ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቀው ይቁሙ፤ ድንበሩ ከኋላ መስታወቱ በታች መቅረት አለበት። መስታወቱ ውስጥ ከገባ ከፍ ብሏል።

ሐረጎ ላይ ግን ሁሉንም ቁጣ በራስዎ ላይ አይውሰዱ። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ፤ የሚወጣ መኪና አፍንጫው ሽቅብ ነው፣ ኩርባው ላይ ሲዞር መብራቱ የሚወርደውን ሰው ዓይን መጥረጉ አይቀርም። 1 በመቶ ያወረዱት መብራት 7 ወይም 8 በመቶ አቀበት ላይ ሽቅብ ያያል። ይህን የትኛውም ብሎን አያስቀረውም። የሚወጡ ከሆነ ከላይ የሚመጣው መብራት ጭላንጭሉ ኩርባው ላይ ሲታይ፣ መኪናው ራሱ ሳይወጣ፣ ረጅሙን ያጥፉ። የሚወርዱ ከሆነ ዓይንዎን ወደ ቀኝ ዳር መስመሩ አድርገው ያሳልፉት።

ከሁለቱ መብራቶችዎ የድሮው ለግራ መንገድ የተሠራ ሆኖ ከተገኘና ለመቀየር ከወሰኑ፣ አዲሱን ከገጠሙ በኋላ ሁለቱንም እንደገና ግድግዳ ላይ ያስተካክሉ። አንዱን ብቻ አይተዉ፤ ግጭቱ የመብራቱን መቀመጫ ጭምር ሳይነካው አይቀርምና።